እትዬ አስናቀችና የጦሳ ስም

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እትዬ አስናቀች ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እትዬ አስናቀች ራሳቸው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር። ጋሽ ታደሰ፣ እትዬ አስናቀች የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከኮት ኪሳቸው እስክሪብቶ የማይጠፋ። ሸኽ እድሪስ፣ በአጥር የሚዋሰኗቸው ጎረቤት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ወይዘሮ ዘምዘም፣ ሰኞ ገበያ ላይ መድኃኒት ቤት ያላቸው። ናሆም፣ ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተርና ፕሮግራም የሚሸጠው፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ምንጣፉ ጫፍ ላይ። በመጨረሻ እኔ፣ ሰይድ፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ። ሌላ ሰው አልነበረም። ስማችንን አንድ በአንድ የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

እትዬ አስናቀች ባለፈው ወር አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ናሆም ከድንኳኑ መግቢያ በላይ ባነር አሰቅሎ ጠበቀን። በግራ በኩል የእትዬ አስናቀች ፎቶ፣ በቀኝ የጦሳ ተራራ ሥዕል፣ ከተራራው በላይ ሙሉ ሆኖ የሚያበራ ቢጫ ክኒን፣ ከሥር የሱቁ ስልክ ቁጥር። ለቀስተኛው ከባነሩ ሥር እያለፈ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘግናል። አንዳንዱ ቀና ብሎ «ደግ አደረገ፣ አልረሳቸውም» ይላል። እኔ ክኒኑን አየሁትና ምራቄ መረረኝ። የወሰደባቸውን ነገር ከራሳቸው ለቅሶ በላይ ሰቅሎ ነበር የሚያለቅስላቸው።

ጦሳ የተራራው ስም ብቻ አይደለም። መድኃኒት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ የትኛው መድኃኒት ጊዜው እንደሚያልፍ የሚከታተሉበት ፕሮግራምም ነው። የሠሩት እትዬ አስናቀች ናቸው። ደሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከጦሳ ጀርባ ስለሆነ ምልክቱን ሲሥሉት ክኒኑን ግማሹን ከተራራው ጀርባ ደበቁት። «መድኃኒትም ይጠልቃል» ይሉ ነበር። ናሆም ሥዕሉን ሲወስድ ግማሽ ክኒን አላማረውም መሰለኝ፣ ሞልቶ ከተራራው በላይ አወጣው። ለምን ግማሽ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው ሰኞ ገበያ ነው። እኔ ስልክ እጠግን ነበር። እሳቸው ከሆስፒታል በፋርማሲስትነት ጡረታ ወጥተው ከእኔ ማዶ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት ከፈቱ። መንደሩ ጡረተኛ ሴት ፎቶ ኮፒ ልታነሳ መጣች አለ። የእሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር። ሆስፒታል ሳሉ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከመደርደሪያ እያወጡ ሲጥሉ ኖረዋል፤ ከእሳቸው ዓይን ያመለጠው የት እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዕድሜያቸው ኮምፒውተር ተማሩ። እኔ ከኢንተርኔት ላይ እየለቃቀምኩ የማውቀው ነገር ስለነበረ አንድ ቀን አንድ ስህተት አሳዩኝ፣ አረምኩት፣ ከዚያ በኋላ ማዶ ከመሆን ይልቅ እሳቸው ዘንድ መዋል ጀመርኩ።

መነጽራቸውን የሚያስሩት በግሉኮስ ቱቦ ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ገመድ ይበጠሳል፣ ይሄ አይበጠስም ይላሉ። የሰው ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ቁልፎቹን በአልኮል ጥጥ ይጠርጋሉ፤ ባለቤቱ ቅር ቢለውም ይጠርጋሉ። ከሁሉ በላይ የማይረሳው የጠርሙሱ ነገር ነው። ምንም ነገር ሲቀርብላቸው ገልብጠው ቀኑን ሳያነቡ አይቀምሱም። ሠርግ ቤት የቀረበላቸውን ለስላሳ ገልብጠው፣ መነጽር አድርገው፣ ወደ ብርሃን አዙረው ሲያነቡ የሙሽራዋ እናት ፊቷን መሸሸጊያ አጥታ አይቻለሁ። ሸኽ እድሪስ ሁልጊዜ ይቀልዱባቸው ነበር፦ «እኔ አስናቀችን የምፈራት አንድ ቀን ገልብጣ የኔንም ቀን ታነበዋለች ብየ ነው።»

ሌላው «ድገምልኝ» ነው። በመድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ያወጡት ልማድ ነው። ለበሽተኛው አወሳሰዱን ይነግሩታል፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሳይለቁ በእጃቸው እንደያዙ «ድገምልኝ» ይላሉ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ ብሎ እስኪደግም ድረስ አይለቁለትም። አዛውንት ይሁን ባለሥልጣን ልዩነት የለውም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም። ጦሳን በፍላሽ ለሚወስድ ሰው ሁሉ ቃሉ አንድ ነበር፦

«ውሰድ። ገልብጥ፣ ለሰው ስጥ፣ ብትፈልግ ሽጠው። ኮዱም አብሮ አለልህ፣ ፈትተህ ለውጠው። ከለወጥኸው ግን ጦሳ አትበለው፣ ተራራየንም አውርደው። ድገምልኝ።»

ሰዉ እያፈረ፣ እየሳቀ ይደግም ነበር። ናሆምም ደግሟል። በልጅነቱ በሰንበት ትምህርት ያስተማሩት ስለሆነ ፍላሹን ሲሰጡት ግንባሩን ሳሙት።

ብዙ ሰው ያኔም ዛሬም የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ልለየው። ኮዱ ክፍት ነው ማለት ማንም አይቶት፣ ለውጦት፣ አባዝቶት ሊያሰራጨው ይችላል ማለት ነው። ስሙና ምልክቱ ግን ሥራው የማን እንደሆነ የሚነገርበት ነው። እትዬ አስናቀች ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። ጦሳ ራሱ የተነሣው ውጭ አገር ሰዎች ከሠሩት ክፍት ፕሮግራም ነው። እነዚያ ሰዎች ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ስማችንን ግን በለወጣችሁት ላይ አታድርጉ ይላሉ። እትዬ አስናቀች የእኛን የቀን አቆጣጠር ሲያስገቡበት፣ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት እንዳይሸጥ የሚጮኸውንና የሚዘጋውን ክፍል ሲጨምሩበት፣ የእነሱን ስም ከእያንዳንዱ ገጽ ላይ መልቀም ጀመሩ። አብሬ ለቀምኩ። ሥራው አሰልቺ ስለነበረ ከባሕር ማዶ ማን ያየናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እነሱ ባያዩም የሚጠቀመው ያያል» አሉኝ። «የነሱ ነው ብሎ ሲያምን፣ የኔን ስህተት በነሱ ስም ይውጣል።»

ከተሰራጨ በኋላ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክሊኒክ የሚያትመው ደረሰኝ ግርጌ ላይ፣ በጣም ትንሽ ፊደል፣ የድሮው ስም ቀርቶ አገኘሁት። ነገ እናርመዋለን አልኳቸው። ነጠላቸውን አነሱና ሚኒባስ ያዝን። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ አንድም ቃል አልተናገሩም። አርመን ስንጨርስ የክሊኒኩ ሰው ለዚህ ብቻ ነው የመጡት ብሎ ሲስቅ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን በጥጥ ጠርገው ተነሱ።

በጦርነቱ ከተማው ተዘርፎ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ መድኃኒት ቤቶች ባዶ መደርደሪያ ይዘው እንደ አዲስ ሲጀምሩ፣ እትዬ አስናቀች ፍላሽ በቦርሳቸው ሞልተው ዞሩ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርገን አቀለልነው። ጦሳ የታወቀው ያኔ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቶቹ «ጦሳ ካልጮኸ ደህና ነው» ይሉ ነበር። ይህ አነጋገር እትዬ አስናቀችን ደስም ያሰኛቸው፣ ያስፈራቸውም ነበር።

አንድ ቀን ከቢስቲማ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። የምርመራ ወረቀትና የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛለች። ልጁ ጆሮው መግል ይዞ መድኃኒት ተሰጥቶታል፣ ጨርሶታል፣ አልተሻለውም። ሌላ ጠርሙስ ተሰጥቶታል። ደሴ ሲመጡ ሐኪሙ አንደኛው ጆሮው ከእንግዲህ አይሰማም አላት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመችና «መድኃኒት ቤቱን ብጠይቀው ጦሳ አልጮኸም አለኝ። ጦሳ አንች ነሽ አሉኝ» አለች። እትዬ አስናቀች ጠርሙሱን ገለበጡት። ቀኑ አልፏል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የግሉኮስ ቱቦውን ይጎትት ነበር።

ቢስቲማ አብረን ሄድን። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ስሙ ጦሳ ነው፣ ተራራው ተራራው ነው፣ ክኒኑ ግን ሙሉ። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት አስገብቼ ልሽጥ ስል ሸጠልኝ። አልጮኸም፣ አልዘጋም። ባለ መድኃኒት ቤቱ ከኮምቦልቻ ናሆም እንደጫነለት ነገረን። ሰውየው ደንግጦ መደርደሪያውን እኛ ፊት ማራገፍ ጀመረ።

ናሆም ጋ ስንደርስ ወንበር ጎትቶ፣ ለስላሳ አስመጥቶ ተቀበለን። እትዬ አስናቀች ጠርሙሱን አልነኩትም። ለምን እንዳጠፋው ሲጠይቁት ጩኸቱ ደንበኛ ያስቸግራል፣ የሚሸጥ ዕቃ እያገደ ነጋዴውን ያናድዳል አለ። ከዚያ ደግሞ ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ራስዎ አይደሉም እንዴ ክፍት ነው ያሉኝ? ለውጠው አላሉኝም?» አላቸው።

«ብያለሁ። ለውጠሃል፣ መብትህ ነው። በራስህ ስም ሽጠዋ።»

«ኸረ እትዬ፣ የኔን ስም ማን ያውቀዋል?»

«እሱን ነው የምልህ» አሉት።

የንግድ ምልክቱን አዲስ አበባ አስመዝግበውት ነበርና ለመዘገበው መሥሪያ ቤት አመለከቱ። የጠየቁት ካሳ አልነበረም፤ ስሙና ተራራው ከተለወጠው ፕሮግራም ላይ እንዲነሳ ብቻ ነው። ወሬው ግን ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ። በነጻ ሰጥታ ስታበቃ ከሰሰች ተባለ። ያስተማረችውን ልጅ እንጀራ ልትቆርጥ ነው ተባለ። አማኝ አማኝን ፍርድ ፊት አቆመ ተባለ። ስለ ልጁ ጆሮ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም። ናሆምም በዚህ መሀል ሽማግሌ ላከ።

እዚያ እሑድ ደረስን ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገቡ አልተቀመጡም። ወጉ ይታወቃል፤ እሽ እስኪባሉ ይቆማሉ። እትዬ አስናቀች የሚያዩት የሸኽ እድሪስን ጉልበት ነበር። እርስዎ እንኳ ይቀመጡ ቢሏቸው ቃልሽን ካልሰጠሽኝ ወላሂ አልቀመጥም አሉ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እኔም ይታየኛል። እትዬ አስናቀች እሽ አሉ፤ ሁሉም ተቀመጠ።

ጋሽ ታደሰ ስለ ይቅርታ ረጅም ንግግር አደረጉ። ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ ሳሎኑን አሳቁት፦ «ጦሳኮ የአላህ ነው አስናቀች። ተራራ በግል ይያዛል እንዴ?»

«ተራራውንማ ማንም ይውጣው» አሉ እትዬ አስናቀች። «ያንች ኮምፒውተር ላይ ጦሳ ተብሎ ሲጻፍ ግን ቀኑ ያለፈ መድኃኒት አያሳልፍም ማለት ነው። ሰው የሚያምነው ይህን ነው። የሚያሳልፍ ከሆነ ሌላ ስም ይውጣለት። አገሩ ተራራ አጥቷል?»

እኔ ስለ ቢስቲማው ልጅ ለመናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ እስክሪብቷቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። የቤት ሰው ነህ፣ ሽማግሌ ሲናገር አድምጥ አሉኝ። በመካከሉ ናሆም ማልቀስ ጀመረ። ልጅዎ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ፣ ስሙን አነሳለሁ፣ ተራራውንም አነሳለሁ አለ። ሸኽ እድሪስ መቼ ብለው ጠየቁት። ረመዳን ሳይገባ አላቸው። ሁሉም ተመስገን ብሎ ሊነሳ ሲል እትዬ አስናቀች መነጽራቸውን አደረጉ።

«ድገምልኝ።»

ጋሽ ታደሰ ልጁ ተናግሯልኮ አሉ፣ ቅሬታቸው በድምፃቸው ይሰማል።

«ሰምቻለሁ። ይድገምልኝ።»

ናሆም እንባውን ጠርጎ ደገመ፦ «ረመዳን ሳይገባ፣ የሸጥኩበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ጦሳ የሚለውን ስምና ተራራውን አነሳለሁ።»

«ከምግብ በኋላ በለው እንጅ» አሉ ሸኽ እድሪስ፣ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እትዬ አስናቀችም ሳቁ። ጋሽ ታደሰ ለመጻፍ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ነበር፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ይበቃል ብለው መልሰው ከኪሳቸው ከተቱት። እትዬ አስናቀችና ናሆም ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ወይዘሮ ዘምዘም በናሆም ስልክ ፎቶ አነሱ። ሸኽ እድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ታደሰ ጸለዩ፣ ሁለቱ ታራቂዎች ከአንድ ሰሃን በሉ።

እትዬ አስናቀች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እርቁ ቂማቸውን የሚጨርስ እንጂ ስሙን የሚነካ አልመሰላቸውም። ለሌላው ሁሉ ግን ትከሻ ከተሳሳሙ ወዲያ ነገሩ አልቋል፤ የቀረ ቃል ቢኖር እንኳ ማንሳቱ ነውር ነው። እሳቸው በማግስቱ አቤቱታቸውን ከመሥሪያ ቤቱ አነሱ። ናሆም ቃሉን ይፈጽማል ብለው ጠበቁ።

ረመዳን ገባ፣ ወጣም። ስሙ እንዳለ ነው። ኮምቦልቻ ሄጄ ሳይ ናሆም የእርቁን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሎታል። ደንበኛ ሲጠይቀው ጣቱን ወደ ፎቶው እየቀሰረ ባለቤቷ ራሷ ባርካልኛለች ይላል። ቆሜ ሰማሁት። እኔ መኖሬን ሲያይ እንኳ አላፈረም፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ወደ ፎቶው የሚቀስረው እጅ የእርቁ ዕለት እንባውን የጠረገበት እጅ ነው።

እትዬ አስናቀች ወደ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አብሬያቸው ነበርኩ። ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመው አነጋገሩን። የታረቀ ነገር አይቆፈርም፣ ምስክርነትሽን አታበላሽ አሏቸው። ናሆም ቃል ገብቶ የለም እንዴ ሲሏቸው በእግዚአብሔር ፊት ራሱ ይጠየቅበታል አሉና ስብሰባ እንዳለባቸው ነገሩን። ወይዘሮ ዘምዘም የሰሙትን ሸምጥጠው አልካዱም። ደንበኛ ማስተናገዱን እያቋረጡ ቀኝና ግራ ሲያዩ አየሁና ዓይኔን ወደ ኮምፒውተራቸው ላክሁ። ክኒኑ ሙሉ ነበር። የናሆምን አስጭነዋል። ይሄኛው አይጮህም ይቅለኛል አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሸኽ እድሪስ ዘንድ ስንደርስ የባሰው መጣ። ሸኽ እድሪስ በወጣትነታቸው በሬ የሸጡበትን ገበያ፣ ከእሳቸው የገዛውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ የበሬውን ቀለም ሳይቀር የሚያወሩ ሰው ናቸው። እትዬ አስናቀች ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ «እርጅና ነው አስናቀች። እረሳለሁ። አብሽሪ፣ አላህ ያውቀዋል» አሉ።

እትዬ አስናቀች መነጽራቸውን አወለቁ።

«የርስዎ ቀን አላለፈም ሸኽ እድሪስ» አሏቸው።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ አስናቀች አጥር ጥግ ቆመው ተፉ። ሲተፉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለ ናሆም ብዙ ማለት አልፈልግም። ሌባ ሁሌም አለ፣ ያናድዳል፣ ያልፋል። ከእኔ አልወጣ ያለው የእነዚህ ደጋግ ሰዎች ዝምታ ነው። ሦስቱም ክፉ ሰው አይደሉም። ሸኽ እድሪስ እናቴ ስትታመም ቀርተው የማያውቁ ናቸው። ግን ሳያፍሩ የሚያፍሩ መስለው ዝም ሲሉ፣ ዝምታቸውን ሰላም ብለው ሲጠሩት፣ የበሰበሰ ነገር ላይ ሽቶ እንደመርጨት ይሸተኛል። አንድ ልጅ በግማሽ ጆሮ ሲቀር የማያመው ሰላም ነው።

እትዬ አስናቀች እንደገና አመለከቱ። ያኔ እርቅ ያፈረሰች ተባሉ። ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጡበት አግዳሚ ሰው ቀስ እያለ ራቀ። እሳቸው ቦታቸውን አልቀየሩም፤ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡበት ባዶውን ቦታ ባዶ ትተው ይዘምሩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንዴ አቤቱታሽን አንስተሻል፣ ስሙን ሊተውልሽ ቃል መግባቱን የሰማ ሰው አምጪ አላቸው። እኔ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ነኝ፣ የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም ተባለ። ሌላ የሚመጣ ጠፋ።

በመሀሉ ግን ሥራ አላቆሙም። እኔና እሳቸው እየዞርን፣ የፈቀደልን ቤት ሁሉ ትክክለኛውን ጫንን። የቢስቲማው ባለ መድኃኒት ቤት ሳንጠይቀው ራሱ ጠርቶን አስጫነ። ጩኸቱን ሲሰማ የታቀፈውን ካርቶን ሊጥል ደርሶ ሳቀ። እሳቸው ቁልፎቹን በጥጥ ጠርገው ደግሞ እንዲያስጮኸው አደረጉት።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነርሷ ግሉኮስ ልትሰቅል ስትመጣ ከረጢቱን ከእጇ ተቀብለው ገለበጡት። መነጽራቸውን አጥተው በእጃቸው ሲፈልጉ እኔ ቀኑን አነበብኩላቸው። ድገምልኝ አሉኝ፣ ደገምኩላቸው፣ ይሰቀል አሉ። ነርሷ ሳቀች፤ እኔ አልቻልኩም። የመጨረሻ የጠየቁኝ ስለ ቢስቲማው ልጅ ነበር።

«ልጁስ?»

ሲጠሩት ደህና ወደሆነው ጆሮው ዞሮ ይፈልጋል አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባነሩ ድንኳኑ እስኪፈርስ አልወረደም። አሁን ደግሞ ናሆም ጦሳ የሚለው ስምና ተራራው በእሱ ስም እንዲመዘገብ አመልክቷል። ባለቤቷ በሕይወት ሳለች በእርቅ ሰጥታኛለች ነው የሚለው፤ ያያዘው ማስረጃ ያ ፎቶ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚቃወም ይቅረብ ብሏል። የእትዬ አስናቀች የወንድም ልጅ ተቃውሞ አስገብታለች፣ የሚጎድላት የሰማ ሰው ነው። ስሙ ለናሆም ከጸደቀ ትክክለኛውን ጦሳ በስሙ መጥራት የማንችለው እኛ እንሆናለን። ቢስቲማ የሚጮኸው ስም የለሽ ይሆናል፤ የማይጮኸው ጦሳ ይባላል።

ፎቶው ውስጥ እትዬ አስናቀችና ናሆም ተቃቅፈው፣ ጋሽ ታደሰና ሸኽ እድሪስ ከኋላ ፈገግ ብለው ይታያሉ። ወይዘሮ ዘምዘም ስላነሱት፣ እኔ በሩ ጋ ስለነበርኩ አንታይም። ፎቶ ደግሞ አይናገርም። ለዚህ ነው ስማችንን መጀመሪያ የጠራሁት።

ይህን እናንተ እንድታነቡት ነው የጻፍኩት። ጋሽ ታደሰ፣ እስክሪብቶዎን ከፍተው ነበር፤ ሊጽፉት የነበረው ምንድን ነው? ወይዘሮ ዘምዘም፣ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ከማንሳትዎ በፊት ናሆም የተናገረውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ በቅርብ ሰምተዋል። ሸኽ እድሪስ፣ ቀልዱ የእርስዎ ነው፤ ሁላችንም ስቀንበታል። የደገመ ሰው ባይኖር ኖሮ በምን ሳቅን?

የወንበሩን ቦታ፣ የተባለውን ቅደም ተከተል፣ አንዲት ቃልም ብትሆን ከተሳሳትኩ አርሙኝ፤ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። እኔ የሰማሁትን ብያለሁ። እናንተም የሰማችሁትን ድገሙልኝ።